የስርዓተ ክወና ሽግግር ምንድን ነው? ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ሲኬድ የሚሄደውና የሚቀረው

ስልክ መቀየርና ስርዓተ ክወና መቀየር በንግግር አንድ ይምሰሉ እንጂ በተግባር የተለያዩ ናቸው። የቆየ ሳምሰንግ የያዘ ሰው አዲስ ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ ቢገዛ የለወጠው ዕቃውን ነው፤ የጉግል አካውንቱን ሲያስገባ ስልክ ቁጥሮቹ፣ መተግበሪያዎቹና አብዛኛው ነገሩ ተከትሎት ይመጣል። ያው ሰው ሳምሰንጉን ትቶ አይፎን ቢይዝ ግን የለወጠው ስልኩ የሚሠራበትን ሥርዓት ራሱን ነው። ትናንት ሳያስብበት ያደርገው የነበረው ነገር ሁሉ፣ ፎቶ ከሚቀመጥበት ቦታ ጀምሮ የእናቱ የድምፅ መልእክት እስከሚከማችበት ድረስ፣ አዲስ ጥያቄ ይሆንበታል። የስርዓተ ክወና ሽግግር የምንለውም ይህንኑ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያጠራቀመውን መረጃና ልማድ ይዞ ወደ ሌላ ሥርዓት መግባቱ።

ስርዓተ ክወና የስልኩን ካሜራ፣ ኔትወርክ፣ ማከማቻና ስክሪን የሚያስተዳድር፣ የትኛው መተግበሪያ ምን እንዲነካ እንደሚፈቀድለት የሚወስን መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ጉግል አንድሮይድን የሚሠራውን ትንሽ ኩባንያ በ2005 ገዛ፤ አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በ2007 ለገበያ አቀረበ፤ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በ2008 ተከተለ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ የኖኪያው ሲምቢያንና ብላክቤሪ ገና ገናና ነበሩ፤ በኋላ የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎንም ገብቶ ሞከረ። ዛሬ በዓለም ላይ ካለው ዘመናዊ ስልክ አብዛኛው የሚሠራው በአንድሮይድ ወይም በአፕል አይኦኤስ ነው። አንድሮይድን ሳምሰንግ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሻዎሚና ሌሎች ብዙ አምራቾች ሲጠቀሙበት አይኦኤስ ግን የሚገኘው አፕል በሚሠራቸው ስልኮች ላይ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለአንድሮይድ የተጻፈ ፕሮግራም በአይፎን ላይ አይሠራም። በሁለቱም ላይ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ የሚባል መተግበሪያ ስላለ አንድ ይመስለናል እንጂ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ለየብቻ የተጻፉ ሁለት ፕሮግራሞች ናቸው፤ መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት መንገድም ይለያያል። ስለዚህ መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ አይገለበጥም፤ በአዲሱ ላይ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ከዚያ የድሮው መረጃ ወደ እሱ እንዲመጣ ይደረጋል። ከጉግል መደብር በገንዘብ የተገዛ መተግበሪያም በአፕል መደብር እንደተገዛ አይቆጠርም።

ሽግግርን በትክክል ለመረዳት አንድ ጥያቄ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፦ ይህ ነገር የሚኖረው የት ነው? በስልክ ላይ የምናየው ሁሉ በስልኩ ውስጥ የሚኖር ይመስለናል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዳንዱ የሚኖረው በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስልኩ እንደ መስኮት ያሳየናል እንጂ አያስቀምጠውም። አንዳንዱ በስልኩ አካል ውስጥ ብቻ ይኖራል፤ ስልኩ ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ በጉግል ወይም በአፕል አካውንት ምትኬ (ባክአፕ) ውስጥ ተቀምጦ፣ የአንዱን ምትኬ ሌላው ሊከፍተው የማይችል ሆኖ ይኖራል። ቤት የሚለቅ ሰው ጓዙን ከመጠቅለሉ በፊት የራሱን ከአከራዩ ዕቃ እንደሚለይ ሁሉ፣ ስልክ የሚቀይርም ሰው አስቀድሞ ይህንን መለየት አለበት።

ስልክ ቁጥሮችን እንይ። በጉግል አካውንት የተቀመጡ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ያንኑ አካውንት በአይፎኑ ቅንብሮች ውስጥ አስገብቶ የስልክ ቁጥሮችን ማመሳሰል ሲበራ ሁሉም ይመጣሉ። በስልኩ ውስጥ ብቻ ከተቀመጡ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለራስ መላክ ይቻላል። አስቸጋሪው በሲም ካርድ ላይ የተመዘገበው ነው። ሲም ካርድ ለስም የሚሰጠው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል ሁለት ይወስዳል። በመሆኑም በአማርኛ የተጻፈ ስም ሲም ላይ ሲገባ ከመካከሉ ይቆረጣል፦ «ወይዘሮ አበበች ጤና ጣቢያ» ተብሎ የተመዘገበው «ወይዘሮ አበ» ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ስሞቹ በአዲሱ ስልክ ተበላሹብኝ ብሎ ያማርራል፤ የተቆረጡት ግን ከዓመታት በፊት፣ ሲም ላይ ሲቀመጡ ነው። ከሽግግሩ በፊት በድሮው ስልክ ላይ ሆኖ ከሲም ወደ ጉግል አካውንት መገልበጥና የተቆረጡትን አንድ በአንድ ማረም ጊዜ ቢወስድም የሚክስ ሥራ ነው።

ፎቶዎች በአብዛኛው ያለ ችግር ይሻገራሉ፤ ጉግል ፎቶስ በሁለቱም ሥርዓት ላይ ስለሚሠራ በዚያ የተቀመጠው በአካውንቱ ይገኛል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ያለው ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ አይፎን የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውምና መዝሙሩ፣ ስብከቱና የሠርግ ቪዲዮው አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልኩ መገልበጥ አለበት። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የሚሄድ ሰው ደግሞ አይፎን ከ2017 ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ሄይክ የተባለው የፋይል ዓይነት በአንዳንድ አሮጌ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ እንደማይከፈት ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው መልእክት ላይ ነው፤ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ጎን ለጎን ሲታዩ ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። የቴሌግራም መደበኛ ጭውውት በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በአዲሱ ስልክ ቁጥርዎን አስገብተው የተላከልዎትን ኮድ ሲያረጋግጡ የዓመታት መልእክት፣ ቻናልና ፋይል ሳይጎድል ይመጣል፤ ሚስጥራዊ ጭውውት ተብሎ የተከፈተው ብቻ ከተከፈተበት ስልክ አይወጣም። የዋትስአፕ መልእክት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው ስለሆነ ሰርቨሩ ያደርሳል እንጂ አያኖረውም፤ መልእክቱ የሚኖረው በስልኩ ውስጥ ነው። ምትኬውም በአንድሮይድ ላይ ወደ ጉግል ድራይቭ፣ በአይፎን ላይ ወደ አፕል የኢንተርኔት ማከማቻ ወደ አይክላውድ ይሄዳል፤ አይፎኑ ከጉግል ድራይቭ ያለውን፣ አንድሮይዱም ከአይክላውድ ያለውን መልሶ አይከፍትም። «ባክአፕ አድርጌያለሁ» ብሎ ተማምኖ የተሻገረ ሰው ባዶ ዋትስአፕ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን በእናቴ ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ አይፎን ላከላት፤ እሷም ሰፈር ወዳለ ሞባይል ቤት ወስዳ «ቁጥሬን አዙሩልኝ» አለች። ልጁ ሲሙን አውጥቶ አዲሱ ላይ አደረገ፣ ዋትስአፕ ጫነ፣ ኮዱን አስገባ፣ ስልኩ ሠራ። ማታ ቤት ስትደርስ በዚያ ዓመት ያረፈችው እህቷ ትልክላት የነበረው የድምፅ መልእክት በሙሉ የለም። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አየችው። ደግነቱ ልጁ የድሮውን ስልክ ፎርማት አላደረገውም ነበር። በማግሥቱ ሲሙን ወደ ድሮው ስልክ መለስን፤ ዋትስአፑን ሳናጠፋ ቁጥሯን እንደገና ስናረጋግጥ መልእክቶቹ እንዳሉ ነበሩ። ከዚያ አይፎኑን ሙሉ በሙሉ ጠርገን ከመጀመሪያው አስጀመርነውና በትክክለኛው መንገድ አሻገርናቸው።

ትክክለኛው መንገድ የምለው አፕል በ2015 ያወጣውን ሙቭ ቱ አይኦኤስ የተባለ መተግበሪያ ነው። በአንድሮይዱ ላይ ይጫናል፤ አይፎኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ከአንድሮይድ መረጃ አምጣ የሚለው ሲመረጥ የቁጥር ኮድ ያሳያል፤ ኮዱ በአንድሮይዱ ላይ ሲገባ አይፎኑ የራሱን ጊዜያዊ ዋይፋይ ከፍቶ መረጃውን በቀጥታ ይቀበላል። ስልክ ቁጥሮች፣ የጽሑፍ መልእክቶች፣ ፎቶና ቪዲዮ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የኢሜይል አካውንቶች በዚህ ይሄዳሉ፤ ከ2022 ጀምሮ ዋትስአፕም ተጨምሮበታል። ሆኖም የዋትስአፑ ዝውውር የሚሠራው አይፎኑ አዲስ ሲሆን ወይም ተጠርጎ ከመጀመሪያው ሲዘጋጅ ነው፤ ቁጥሩም ያው የድሮው ቁጥር መሆን አለበት። ሁለቱንም ስልኮች ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ የአንድሮይዱ ስክሪን «ጨርሻለሁ» ቢል እንኳ በአይፎኑ ላይ ያለው መስመር እስኪሞላ ድረስ ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል፤ በመካከል ሌላ መተግበሪያ ቢከፈት ሥራው ሊቋረጥና ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ለሚሄድም በ2022 ጉግል ስዊች ቱ አንድሮይድ የተባለውን አውጥቷል፤ ዋትስአፕን ግን በዚያ አቅጣጫ ለማሻገር የተለመደው መንገድ ሁለቱን ስልኮች በገመድ አገናኝቶ፣ አዲሱ ስልክ ሲዘጋጅ ማዛወር ነው።

ከአይፎን የሚወጣ ሰው፣ በተለይ አሜሪካ የሚኖር ወገናችን፣ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አይፎኖች እርስ በርስ በኢንተርኔት መልእክት የሚላላኩበት የአፕል አይሜሴጅ ቁጥሩን እንደ አይፎን ቁጥር መዝግቦ ይይዛል። ምዝገባው ካልተሰረዘ አይፎን ያላቸው ወዳጆች የሚልኩለት መልእክት ወደ አዲሱ አንድሮይድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ ላኪው ተላከ ብሎ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ዝም ያለ ይመስላል። መፍትሔው ሲሙ ከመውጣቱ በፊት አይሜሴጅን ማጥፋት ነው፤ ስልኩ ከእጅ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ አፕል ከ2014 ጀምሮ ቁጥርን በድረ ገጽ መሰረዝ ያስችላል።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሰጋል፤ ለቴሌብር ያለው ስጋት ግን ያለቦታው ነው። በቴሌብር ያለው ገንዘብ በስልኩ ውስጥ አይኖርም፤ የተሳሰረው ከቁጥሩና ከሚስጥር ቁጥሩ ጋር ነው። መተግበሪያው እስኪጫን ድረስም በ*127# መጠቀም ይቻላል። የባንክ መተግበሪያዎች ግን አንዳንዶቹ ከተመዘገቡበት ስልክ ጋር ስለሚተሳሰሩ በአዲሱ ላይ እንደገና ማስመዝገብ፣ አንዳንዴም ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ ይጠይቃሉ። ለኢሜይልና ለሌሎች አካውንቶች የማረጋገጫ ኮድ በመተግበሪያ የሚቀበል ሰው ያንን መተግበሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ማሻገር አለበት፤ የድሮው ስልክ ከተጠረገ በኋላ የገዛ አካውንቱ በር ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላልና።

እኛ አገር የተለመደውን በቴሌግራም ወይም በዜንደር የተላከ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ) ፋይል መጫን አይፎን ላይ አይሠራም፤ እዚህ አይፎን ላይ መተግበሪያ በመደበኛነት የሚመጣው ከአፕል መደብር ብቻ ነው። ስለዚህ የዕለት ተዕለት የምንጠቀምባቸው የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች፣ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳን ጨምሮ፣ በዚያ መኖራቸውን ስልኩ ከመገዛቱ በፊት ማየት ይበጃል። ቁልፍ ሰሌዳው ቢገኝ እንኳ ከእኛ ሲማር የኖረው ቃል አብሮ አይመጣም፤ የጣት ልማድ እስኪስተካከል ጥቂት ሳምንት ይወስዳል።

ከውጭ የሚላክ አይፎን የራሱ ጣጣ አለው። አፕል በአሜሪካ የሚሸጠው አይፎን 14 በ2022 ሲወጣ ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳያስፈልገው በስልኩ ውስጥ በሚመዘገብ ሲም ብቻ ይሠራል። ከዚህ ሌላ በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በክፍያ ዕቅድ የተገዛ ስልክ ክፍያው አልቆ አንሎክ ካልተደረገ፣ ማለትም ከዚያ ኩባንያ መስመር ካልተፈታ፣ የሌላ ኩባንያ መስመር አይቀበልም። ላኪው ዘመድ ስልኩን ከማሸጉ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች አጣርቶ፣ የራሱን የአፕል አካውንትም ከስልኩ አውጥቶ ቢልክ ተቀባዩን ከብዙ መንከራተት ያድነዋል። ከ2013 ጀምሮ ያለው የአይፎን መቆለፊያ የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ካልገባ ስልኩን አያስከፍትምና።

ያው ጥንቃቄ ለሚተወው የአንድሮይድ ስልክም ይሠራል። አዲሱ ስልክ በሠራ ዕለት የድሮውን መሸጥ ወይም ለልጅ መስጠት ስህተት ነው፤ የረሳነው ነገር የሚታወሰን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ነውና እስከዚያ ድረስ ሳይጠረግ ይቆይ። ለሌላ ሰው ሲተላለፍም መጀመሪያ የጉግል አካውንቱን ከቅንብሮች ውስጥ ማስወጣት፣ ከዚያ ፎርማት ማድረግ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከ2015 ወዲህ ባሉት የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቀጣዩ ባለቤት የእኛን የይለፍ ቃል ሊጠየቅ ይችላል። የእናቴ የድሮ ስልክ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ታደርገዋለች።