«ኮር ጨምርበት» እና ሌሎች የኔትወርክ ሲሙሌሽን ስህተቶች

«ኮር ከተጨመረ ሲሙሌሽኑ ይፈጥናል።» ይህን ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። በቅርቡ አንድ ልጅ የዳታ ሴንተር ሞዴሉን በኤንኤስ-3 (የኔትወርክ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ነው) ሠርቶ በ16 ኮር፣ ማለትም ለየብቻ በሚሠሩ 16 የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ ቢያስኬደው፣ በአንድ ኮር ከሚወስደው በላይ ዘገየበት። 32 ኮር ፍለጋ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትወርኩ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ኮር የድርሻውን በራሱ የሲሙሌሽን ሰዓት ያስኬዳል። አንዱ ቀድሞ ከሄደ በኋላ ከጎረቤቱ ያለፈ ሰዓት የያዘ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ከመጣበት ግን ውጤቱ ተበላሸ። ስለዚህ ያለ ስጋት መቅደም የሚችለው፣ ፓኬት ክፍሎቹን የሚያገናኘውን ሊንክ ለመሻገር የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ሉክአሄድ የሚሉት ይህንን ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኔትወርኩን ኒውዮርክና ለንደን መካከል ከቆረጣችሁት ሉክአሄዱ ከ25 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፤ ለአንድ ሰከንድ የኔትወርክ ጊዜ ኮሮቹ የሚጠባበቁት 40 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ልጁ የቆረጠው ሁለት ስዊቾችን በሚያገናኝ የ20 ሜትር ኬብል ላይ ነበር፦ 100 ናኖሰከንድ። ለዚያችው አንድ ሰከንድ እስከ 10 ሚሊዮን ጊዜ! ኮሮቹ ሥራ ትተው «ደረስክ?» «ደረስኩ» ሲባባሉ ይውላሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደምትቆርጡ አስቡ፤ ረጅሙን ሊንክ ፈልጉ። ከዚያ ጭነቱን አመዛዝኑ። የራውተሩን ብዛት እኩል ማካፈል ማመዛዘን አይደለም፤ ትራፊኩ አንዱ ጋ ከተከመረ ሌሎቹ እሱን ሲጠብቁ ያድራሉ። የሚቆጠረው ክስተት ነው፤ የፓኬት መላክ፣ መድረስ የመሳሰለው።

«ታይም ዋርፕ እያለ ምን ያስጨንቃል?» ዴቪድ ጄፈርሰን በ1985 ያሳተመው ይህ ዘዴ ሳይጠብቅ ይሮጣል፤ ሲሳሳት ወደ ኋላ ይመለሳል። መመለሱ ነጻ አይደለም፣ ጊዜም ሜሞሪም ይበላል። በ2013 ሴኮያ በተባለው ሱፐርኮምፒውተር ላይ በ2 ሚሊዮን ገደማ ኮር በሰከንድ 504 ቢሊዮን ክስተት መሠራቱን ሁሉም ይጠቅስልኛል፤ ሞዴሉ ፎልድ የተባለ የፍጥነት መለኪያ እንጂ ቲሲፒ (የኢንተርኔት መረጃ ማስተላለፊያ ደንብ) የሚሄድበት ኔትወርክ አለመሆኑን ግን የሚያነሣ የለም።

«ፓራለል (በብዙ ኮር ማስኬድ) ውጤት ይቀይራል።» በትክክል ከተሠራ አይቀይርም። ከቀየረ፣ በአንድ ቅጽበት ለሚደርሱ ክስተቶች ቅደም ተከተል እንዴት እንደሰጣችሁና የራንደም ቁጥሮቹን ለማን እንደመደባችሁ ፈትሹ።

«ትልቅ ሲሆን እውነተኛውን ኢንተርኔት ይመስላል።» የትራፊክ ሞዴሉ የተሳሳተ ከሆነ ሚሊዮን ራውተር ስህተቱን ያበዛዋል እንጂ አያርመውም።

ደግሞ ያንኑ ሞዴል በ30 የተለያየ ሲድ (የራንደም ቁጥሮች መነሻ) ለማስኬድ ብለው ፓራለል ኮድ የሚጽፉ አሉ። ለ30 ቅጂ የሚበቃ ሜሞሪ ካላችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ በአንድ ኮር ልቀቁት፤ መጠባበቅ የለ፣ ኮሮቹ መልእክት የሚለዋወጡበት ኤምፒአይ የለ። ፓራለሉን አንዱ ሩጫ ብቻውን ማሽኑ አልችል ላለው ሞዴል አቆዩት።