ቀይ ምንቃር ያለው ሁሉ ግሪሳ ነው እንዴ?

ባለፈው ሳምንት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ሦስት ልጆች መንገድ ላይ ያዙኝ። የላስቲክ ወንጭፍ አንገታቸው ላይ፣ ሰባት የሞቱ ወፎች ደግሞ ክር ላይ አንጠልጥለዋል። «ጋሼ፣ ግሪሳ ገደልን!» አሉኝ። ሰብል ጥበቃ ላይ እንደምሠራ ሰፈሩ ስለሚያውቅ ሽልማት የጠበቁ ይመስለኛል። አንዱን ተቀብዬ መዳፌ ላይ አጋደምኩት። ክብደቱ አይሰማም። ደረቱ ጎንና ጎን ነጭ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ዓይኑን ቀጭን ቢጫ ክብ ዞሮታል። ከሰባቱ አንድም ግሪሳ አልነበረም።

ይህን ነገር ድሬዳዋም ሐረርም ሳስረዳ ምላሴ አለቀ። እስቲ አሁን ልጻፈውና ልረፍ።

«ቀይ ምንቃር ካለው ግሪሳ ነው።»

አይደለም። ግቢያችን ውስጥ፣ ከበራፉ ሥር፣ ማሽላ ሲበጠር ከሴቶቹ እግር አጠገብ የሚዘለው ቀይ ወፍ ሌላ ነው። በሳይንሱ ላጎኖስቲክታ ሴኔጋላ ይባላል። ሰፈራችን ድንቢጥ ከማለት ያለፈ ስም አላወጣለትም፤ እኔ ቀይ ድንቢጥ እለዋለሁ። ግሪሳ ደግሞ ኬሊያ ኬሊያ ነው፤ ጎጆ ከሚሸምኑት ወፎች ወገን። ቤተሰባቸው ሌላ ሌላ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እዩ። ቀይ ድንቢጥ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ክብደቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። ግሪሳ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ በሚዛን ግን እጥፍ ነው። ቀጥሎ ምንቃሩን። የግሪሳ ምንቃር ወፍራም፣ ከሥሩ ሰፊ፣ እህል ለመፈልቀቅ የተሠራ ጉጠት ነው። የቀይ ድንቢጥ ቀጭን ነው፤ ከላይ ጀርባው ጠቆር ይላል። ከዚያ ጀርባውን። ግሪሳ ጀርባው ላይ ቡናማና ጥቁር መስመር አለው፣ እንደ ተራ የቤት ድንቢጥ። ቀይ ድንቢጥ ጀርባው መስመር የለውም። ወንዱ ደግሞ ከራሱ እስከ ሆዱ በርበሬ ነው። ግሪሳ እንዲህ አይቀላም፤ በመራቢያው ወቅት የወንዱ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል፣ ዙሪያው ሮዝ ወይም የገለባ ቀለም ይሆናል፣ በቃ።

ምንቃሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ሌላም ጉድ ይጠብቀዋል። ሴቷ ግሪሳ መራቢያ ወቅቷ ሲደርስ ምንቃሯ ቢጫ ይሆናል! እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ አዋሽ ሸለቆ ግራር ላይ የሰፈረ የግሪሳ ጎጆ አይቼ «ቢጫ ምንቃር ያለው ሌላ ወፍ አብሮ ይኖራል» ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ። አለቃዬ ወረቀቱን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀለም ካስቸገራችሁ ቁጥሩን እዩ። «እንደ ግሪሳ ወረሩት» እንላለን አይደል? ግሪሳ በሺህና በሚሊዮን ነው የሚሄደው፤ ከሩቅ ጭስ ይመስላል። አንድ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል ፍሬ ይበላል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ማለት በቀን 100 ኩንታል ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማማ ላይ ተቀምጦ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከጎህ እስከ ማታ ማሽላውን ሲጠብቅ የሚውል ገበሬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ግሪሳና ድንቢጥ ሲምታታበትም አላየሁም። የሚምታታው ከተሜው ነው። ቀይ ድንቢጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ቢበዛ በትንሽ ቡድን፣ ከመሬት የሣር ፍሬ ይለቅማል። አቦ፣ ሁለት ሆኖ የሚወር ግሪሳ የት ታይቷል?

«ቡናማዋ ሌላ ዓይነት ናት።»

የቀይ ድንቢጥ ሴቷ ናት። በዓይኗና በምንቃሯ መካከል ቀይ ነቁጥ፣ ከጅራቷ በላይም ቀላ ያለ ቦታ አላት። ጨረስን።

«ግሪሳ የሚመጣው እህል ሸቶት ነው።»

ዋና ምግቡ የዱር ሣር ፍሬ ነው። ዝናብ ጥሎ መሬት ላይ ያለው ፍሬ ሲበቅል የሚለቅመው ያጣል፤ ቀድሞ ወደ ዘነበበትና አዲስ ፍሬ ወደ ያዘው አገር ይሄዳል። የሣሩ ፍሬ ሲያልቅ ነው ማሳ ላይ የሚወርደው።

«ጥቁሩ ወፍ አርጅቶ የጠቆረ ቀይ ድንቢጥ ነው።»

ይህን የሰማሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ሥር ቡና ስጠጣ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ምለው ተገዘቱ። ሰማያዊ የሚያንጸባርቀው ያ ጥቁር ወፍ ግን ጥገኛ ነው፤ ቪዱዋ ካሊቤያታ ይባላል። ሴቷ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን ቀይ ድንቢጥ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቱ አፉን ሲከፍት ውስጡ ያሉት ነጠብጣቦች ከቀይ ድንቢጥ ጫጩት ጋር ይመሳሰላሉ፤ እናትየው ሳታውቅ ከልጆቿ ጋር ታበላዋለች። ወንዱ አድጎ ሲዘፍን ደግሞ የአሳዳጊውን ዜማ ይቀላቅልበታል። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ዘመድ ሆኑ ማለት ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ።

«ግሪሳ በመርዝ ቢሞትም ሥጋው አይጎዳም።»

ይሄ ቀልድ የለውም። ግሪሳ ማደሪያው ላይ ከአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን ነርቭ የሚመታ መርዝ ነው። የሞተውን ወፍ የበላ ጭልፊት አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ተረጨ ከተባለበት ቦታ የወደቀ ወፍ አታንሱ፣ ልጅ አታስነኩ፣ ዶሮም ውሻም አታስጠጉ። የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠብሶ መብላትማ ጭራሽ አይታሰብም። ቢጠበስም መርዝ መርዝ ነው።

ልጆቹንም ያ ነገር ትዝ ብሎኝ «ልትበሏቸው ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ለድመታችን ነው።»