ባራ ደ ናቪዳድ፦ በውቅያኖስና በሐይቅ መካከል ያለች የሜክሲኮ ከተማ

ባራ ደ ናቪዳድ በሜክሲኮ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሃሊስኮ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ በሲዋትላን ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። «ባራ» ማለት ማዕበልና ወንዝ ተጋግዘው በባሕር ዳር የሚከምሩት ረጅም የአሸዋ ክምር ነው፤ «ናቪዳድ» ደግሞ ልደት፣ የገና በዓል ማለት ነው። ከተማዋም እንደ ስሟ በአሸዋ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ወገኗ የፓስፊክ ውቅያኖስ ማዕበል ይመታታል፤ በሌላው ወገኗ ጨዋማ ውኃ ውስጥ በሚበቅሉ የማንግሮቭ ዛፎች የተከበበና የባሕር ውኃ የሚገባበት ጸጥ ያለ ሐይቅ ተኝቷል። በመካከላቸው ያለው መሬት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ጠዋት ከማዕበሉ ዳር ተነሥቶ ጥቂት መንገዶችን ቢሻገር ራሱን ከሐይቁ ዳር ያገኘዋል። የነዋሪዎቿን እንጀራ፣ በዓላቸውንና ፍርሃታቸውን ለመረዳት ከዚህ ጠባብነት መነሣት ይገባል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ስሙን ያገኘው የኒው ስፔን (ስፔን ትገዛት የነበረችው የያኔዋ ሜክሲኮ) እንደራሴ አንቶኒዮ ደ ሜንዶሳ በዲሴምበር 25 ቀን 1540 ስለደረሰበት ነው ይባላል። በዚያን ዘመን ስፔናውያን ከሜክሲኮ ወደ እስያ የሚወስድ የባሕር መንገድ ይፈልጉ ነበር። ከማዕበል የተጠለለውን ይህን ወደብ መርጠው መርከብ መሥሪያ አደረጉት። በኖቬምበር 21 ቀን 1564 በሚጌል ሎፔስ ደ ሌጋስፒ የሚመሩ አራት መርከቦች ከዚህ ተነሥተው ወደ ፊሊፒንስ ቀዘፉ። ነፋሱ ወደ ምዕራብ ስለሚገፋ መሄዱ ያን ያህል አላስቸገረም፤ ጭንቁ መመለሱ ነበር። ከዚያ በፊት ከእስያ ተነሥቶ ፓስፊክን ወደ ምሥራቅ ለማቋረጥ የሞከረ ሁሉ አልተሳካለትም።

ብዙ የታሪክ መጻሕፍት የመልሱን መንገድ ያገኘው መነኩሴውና መርከበኛው አንድሬስ ደ ኡርዳኔታ ነው ይላሉ። እሱ በኦክቶበር 1565 አካፑልኮ ደረሰ። ይሁን እንጂ ከአራቱ መርከቦች ትንሿ ሳን ሉካስ ገና በጉዞው መጀመሪያ ከሌሎቹ ተለይታ፣ ፊሊፒንስ ደርሳ፣ በኦገስት 9 ቀን 1565 ወደ ናቪዳድ ወደብ ተመልሳ ነበር። ኡርዳኔታን በሁለት ወር ቀደመችው ማለት ነው። መርከቧን በውቅያኖሱ ላይ የመራት ሎፔ ማርቲን የሚባል አፍሪካዊ የዘር ግንድ ያለው ፖርቱጋላዊ ነበር። ክብሩን ግን አላገኘም፤ ከጓዶቹ ሸሽቷል ተብሎ ተከሰሰ፣ ስሙም ለብዙ መቶ ዓመታት በግርጌ ማስታወሻ ተቀብሮ ቆየ። ዛሬ በባራ በባሕሩ ጎን የሚሄደው ዋና መንገድ የሌጋስፒን ስም ይዟል። የዚያን ጥቁር መርከበኛ ስምም ከጎኑ ማስፈር ይገባ ነበር፤ ውቅያኖሱን በሁለቱም አቅጣጫ ያቋረጠችው የመጀመሪያዋ መርከብ የተነሣችውም የተመለሰችውም ከዚሁ ወደብ ነውና።

ከዚያ በኋላ ንግዱ ወደ አካፑልኮ ዞረ፣ ናቪዳድም ተረሳች። ያ ጉዞ የተወላት አንድ ነገር ግን አሁንም በአካባቢው መንገዶች ይዞራል። በጎረቤቱ የኮሊማ ግዛት ትልቅ ቅል ተሸክመው «ቱባ» የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ቱባ ከኮኮናት ዛፍ አናት የሚንቆረቆር ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን፣ አቀዳዱንም ስሙንም ያመጡት በእነዚያ መርከቦች የመጡ ፊሊፒናውያን ናቸው። ሻጩ ለውዝ በላዩ በትኖ ይሰጣል። በሲዋትላን ሜዳ ላይ የተዘረጋው የኮኮናት ተክልም የዚያው የባሕር መንገድ ልጅ ነው።

የዛሬዋ ባራ ሁለት ዓይነት እንግዳ አላት። ከኖቬምበር እስከ ማርች ከካናዳና ከአሜሪካ ብርድ የሸሹ ጡረተኞች ለወራት ይሰፍሩባታል፤ በፋሲካ ሳምንትና ከእሱ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ደግሞ ከሃሊስኮ ዋና ከተማ ከጓዳላሃራ የሚመጡ ቤተሰቦች አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሳይቀሩ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ይጎርፋሉ፤ አልጋ ያላገኘ በአሸዋው ላይ ድንኳን ይተክላል። ሐሙስ ሐሙስ በከተማዋ ገበያ ይቆማል፤ በዚያው የባሕር ወሽመጥ ሌላኛ ጫፍ ባለችው በሜላኬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ወደ ሐይቁ ማዶ፣ ኮሊሚያ ወደምትባለው መንደር ለመሻገር በሞተር ጀልባ ነው የሚኬደው፤ ጀልባው እዚህ እንደ ታክሲ ያገለግላል። ኮሊሚያ በውኃው ዳር በተደረደሩ የዓሣ ምግብ ቤቶቿ ትታወቃለች። እዚያ የሚበላ ሰው ምሳ ለመብላት ግዛት ተሻግሯል፤ ማዶው ኮሊማ ነውና። ሐይቁ ራሱ ከ2008 ጀምሮ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አለ። ማንግሮቩ የሽሪምፕና የብዙ ዓሦች ጫጩት የሚያድግበት ቤት ስለሆነ፣ ከባሕሩ የሚጠመደው ብዙው ነገር በእሱ ጥላ ሥር ያደገ ነው።

ከምግቡ አንዱን ብቻ ላንሳ፤ የዚህ አካባቢ ሴቪቼ። በሌላው የሜክሲኮ ጠረፍ ጥሬው ዓሣ በጉልህ ተቆራርጦ በሎሚ ይበስላል። በኮሊማና በደቡብ ሃሊስኮ ግን ሲየራ የሚባለው ዓሣ እንደ ክትፎ ደቅቆ ይከተፋል፣ ሎሚ ይጠጣል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት ይገባበትና በደረቅ የበቆሎ ቂጣ ላይ ይቀርባል።

የከተማዋ ዋና መሣሪያ ፓንጋ ነው። ከፋይበርግላስ የሚሠራ፣ ፊቱ ከፍ ያለ፣ ከኋላው ሞተር የሚንጠለጠልበት ጠባብ ጀልባ ሲሆን ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ሰባት ሜትር ገደማ ነው። ፎቅ ያላቸው ውድ ጀልባዎች በማዶው የኢስላ ናቪዳድ ሆቴል መቆሚያ ይታያሉ፤ የባራ ሰዎች ግን በፓንጋ ነው የሚኖሩት። ያው ጀልባ ጠዋት እንግዳ ይዞ ለስፖርት ዓሣ ይወጣል፣ በሌላ ቀን መረብ ይጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ያሻግራል። ጀልባውን የሚነዳው ሰው «ካፒታን» ይባላል፤ ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከአባታቸው ነው።

ለስፖርት ዓሣ ማጥመድ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። መጀመሪያ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ለማባበያ ይያዛል። ከዚያ ፓንጋው ወደ ጥልቁ ሰማያዊ ውኃ ያመራል፤ መንጠቆው ከኋላ እየተጎተተ ካፒታኑ ዓይኑን ከሰማይ አይነቅልም። ፍሪጌት የሚባሉት ሹካ ጭራ ያላቸው ጥቁር ወፎች ዝቅ ብለው መዞር ከጀመሩ፣ ከሥራቸው ትናንሽ ዓሦችን የሚያሳድድ ትልቅ አዳኝ አለ ማለት ነው። ዶራዶ፣ ቱናና ማርሊን ይገኛሉ፤ ከዳርቻው ቋጥኝ አጠገብ ደግሞ በጀርባው ላይ እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ የቆመ ክንፍ ያለው ፔስ ጋዮ ይጠመዳል።

ሁሉም የሚመኘው ግን የሸራ ዓሣን ነው፤ በስፓኒሽ ፔስ ቬላ ይባላል። የጎረቤቷ የማንሳኒዮ ወደብ ራሷን «የዓለም የሸራ ዓሣ መዲና» ብላ የምትጠራው በእሱ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ሰፊ ክንፍ ሲዘረጋ የመርከብ ሸራ ይመስላል፤ አፉ እንደ ጦር ረዝሞ ይወጣል፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ይዋኛል የሚለው ወሬ በየቦታው ተጽፎ ይነበባል። ትክክል አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ልኬቶች ከ40 ኪሎ ሜትር በታች መሆኑን አሳይተዋል፤ ያም ቢሆን ለአሳዳጁም ለተሳዳጁም ብርቱ ፍጥነት ነው። ማባበያውን በመጀመሪያ በጦሩ ይመታዋል እንጂ አይውጠውም። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ንዝረቱ እንደተሰማው ዘንጉን ይጎትትና ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ካፒታኑ ክሩን አላልቶ ይጠብቃል፤ ዓሣው ዞሮ ሲውጠው ብቻ ያጠብቃል። ከዚያ በኋላ ዓሣው ከውኃው እየዘለለ ሲወራጭ፣ ማጠንጠኛው ሲጮኽ፣ ትግሉ የሰውየው ክንድ እስኪዝል ይቀጥላል።

ከትግሉ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ከትግሉ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። የሜክሲኮ ሕግ ማርሊንን፣ የሸራ ዓሣን፣ ሰይፍ ዓሣን፣ ዶራዶን፣ ፔስ ጋዮንና ሳባሎ የሚባለውን ዓሣ ከጠረፉ እስከ 50 የባሕር ማይል ድረስ ለስፖርት አጥማጆች ብቻ ከልሏል፤ በዚያ ክልል ነጋዴ አያጠምዳቸውም። ለስፖርት የወጣ ሰው በጀልባ ላይ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከመሬት ላይ ቆሞ ለሚያጠምድ ግን አያስፈልግም። በቀን ከአሥር ዓሣ በላይ አይያዝም፤ ከአንድ ዓይነትም ከአምስት በላይ አይፈቀድም። የሸራ ዓሣ ወይም ማርሊን ከሆነ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ብቻ ነው። የተያዘውን መሸጥ ክልክል ነው።

ሕጉ አንድ ይፈቅዳል፤ አስተዋይ ካፒታን ግን አንዱንም ይለቅቃል። ዓሣውን በጦሩ ይዞ፣ ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ አድርጎ፣ ፓንጋውን ቀስ ብሎ ያስኬደዋል፤ ውኃ በስንጥቡ ሲያልፍ ትንፋሹ ይመለስና ራሱን አራግፎ ይሄዳል። በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ ብዙ ቦታ ዓሣውን የለቀቀ ጀልባ የዓሣውን ዓይነት የሚያሳየውን ባንዲራ ገልብጦ ሰቅሎ ይገባል። በእኔ እምነት ይህ የተገለበጠ ባንዲራ ከማንኛውም ሚዛን ላይ ከተንጠለጠለ ዓሣ የበለጠ ክብር ይገባዋል። የሞተ የሸራ ዓሣ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በሕይወት ያለው ግን ነገም ሌላ እንግዳ ወደ ባራ ያመጣል፤ የካፒታኑ ልጅም ሙያውን የሚወርሰው ዓሣው ከኖረለት ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ አካባቢ የሚካሄደው የባራ ዓለም አቀፍ የዓሣ ማጥመድ ውድድር የከተማዋን ሆቴሎች የሚሞላ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንዲህ ባሉ ውድድሮች ክብደት ብቻ ሳይሆን መልቀቅም ነጥብ ሲያስገኝ ማየት ደስ ይላል።

የበዓሉ አቆጣጠር የሚጀምረው ከጎረቤት ነው። ሜላኬ የቅዱስ ፓትሪክ ከተማ ናት፤ ሙሉ ስሟም ሳን ፓትሪሲዮ ሜላኬ ነው። ከማርች 17 በፊት ባለው ሳምንት በየምሽቱ ርችት ይተኮሳል፣ በሬ ይጋለባል፣ የትንፋሽ መሣሪያ ባንዶች እየተፈራረቁ አደባባዩን ያናውጡታል። «ቶሪቶ» የሚባለው ትርኢት ልጆችን ያስፈነድቃል፤ አንድ ሰው ርችት የታሰረበት የበሬ ቅርጽ ተሸክሞ፣ ብልጭታው በየአቅጣጫው እየተረጨ፣ ሕዝቡ መካከል ይሮጣል። በመጨረሻው ቀን ቅዳሴ ይደረግና ጀልባዎቹ ይባረካሉ። ለሜክሲኮ ሰው የዚህ ቅዱስ ስም ሌላ ትዝታም አለው። በ1846 በተጀመረው የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት፣ አብዛኞቹ አየርላንዳውያን የሆኑ ወታደሮች የአሜሪካን ጦር ጥለው በቅዱስ ፓትሪክ ስም በተሰየመ ሻለቃ ለሜክሲኮ ተዋግተዋል፤ ከተማረኩት ውስጥ 50 ያህሉ በ1847 ተሰቅለዋል።

የባራ የራሷ በዓል ጁን 13 የሚውለው የቅዱስ አንቶኒዮ ዘፓዱዋ ነው። አንባቢ ከግብፁ የመነኮሳት አባት ከአባ እንጦንስ ጋር እንዳያምታታው፤ ይኸኛው በ1231 ያረፈ የፍራንሲስካን መነኩሴ ነው። ሰዎች አልሰማ ሲሉት ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ለዓሦች ሰበከ፣ ዓሦቹም ራሳቸውን ከውኃ አውጥተው አዳመጡት የሚል ትውፊት አለው። ለዓሣ አጥማጆች ከተማ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ ከወዴት ይገኛል? በዓሉ የሚውለው ክረምቱ ሲገባ፣ የውጭ እንግዶች ሁሉ ሄደው ካለቁ በኋላ ስለሆነ የነዋሪው ብቻ ነው።

ክረምቱ ግን የማዕበል ወቅትም ነው። ባሕሩ እዚህ ብዙ ጊዜ ተቆጥቷል። በኦክቶበር 9 ቀን 1995 መጠኑ 8.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ጠረፉን መትቶ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ፤ ተከትሎም ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ተመልሶ መጣ። በ2011 ሆቫ የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በኦክቶበር 2015 ደግሞ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ኃይለኞች አንዱ የሆነው ፓትሪሲያ በዚሁ ጠረፍ ወደ ምድር ወጡ።

ነዋሪው አብልጦ የሚያወራው ግን ስለ 1971 ነው። በሴፕቴምበር 1 ቀን ሊሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲደርስ ሕዝቡ በቅዱስ አንቶኒዮ ቤተ ክርስቲያን ተጠለለ። እንደሚተርኩት፣ ነፋሱ በበረታበት ሰዓት የስቅለቱ ምስል ሁለት ክንዶች ከመስቀሉ ተላቅቀው ወደ ጎን ወደቁ፤ ያን ጊዜም ነፋሱ ቆመ። ክንዶቹን ማንም አልጠገናቸውም። ዛሬም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባ ሰው እጆቹ በመስቀሉ ላይ ያልተዘረጉ፣ ከትከሻው ወደ ታች የተንጠለጠሉ ክርስቶስን ያያል፤ የከተማዋ ሰዎች «ክንዱ የወደቀው ክርስቶስ» ይሉታል። ሴፕቴምበር 1 በመጣ ቁጥር ቅዳሴ ይቀደስለታል፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፣ ፓንጋዎቹም ከማዕበሉ ርቀው በሐይቁ ወገን ታስረው ይጠብቃሉ።