«ረጅም ሴንተር ድሮ ቀረ» የሚሉና ሌሎች የቅርጫት ኳስ ስህተቶች

ጎልደን ስቴት በ2015 ዋንጫውን ካነሳ ወዲህ ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ስለ ኤንቢኤ የሚወራው ሁሉ በአንድ አባባል ይጀምራል፦ «ረጅም ሴንተር ድሮ ቀረ፤ አሁን የሚያሸንፈው አጭርና ፈጣን ነው።» (ሴንተር ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው፣ ብዙ ጊዜም የቡድኑ ረጅሙ ሰው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2025 ኦክላሆማ ሲቲ 2.16 ሜትሩን ሆልምግረንንና 2.13 ሜትሩን ሃርተንስታይንን ይዞ ሲያሸንፍ ደግሞ ያው ተንታኞች ዞረው «ቁመት ተመለሰ» አሉ። ቁመት የትም አልሄደም፤ ስለዚህ የሚመለስበትም የለውም። ሃርተንስታይን ራሱ በዚያው ፍጻሜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች የጀመረው ከወንበር ነበር፤ ወደ ቋሚ አሰላለፍ የተመለሰው በአራተኛው ነው። ይህን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።

«አጭር አሰላለፍ ማለት የአጫጭር ተጫዋቾች ስብስብ ነው።» አይደለም። ሴንተር ሆኖ የገባው ሰው ስክሪን ሲደረግ (አንድ አጥቂ ቆሞ የተከላካይን መንገድ ሲዘጋ) ጋርዱን፣ ማለትም ኳስ የሚያንቀሳቅሰውን ፈጣን ተጫዋች፣ ተቀብሎ መከላከል ከቻለ፣ በማጥቃት ጊዜም ከቅርጫቱ ርቆ የራሱን ተከላካይ ወደ ውጭ መጎተት ከቻለ፣ አሰላለፉ «አጭር» ይባላል። ማያሚ በ2012 እና በ2013 ሲያሸንፍ ሴንተሩ ክሪስ ቦሽ ነበር፤ 2.11 ሜትር! ድሬይመንድ ግሪን 1.98 ነው፤ የተዘረጉ እጆቹ ግን ከ2.10 ያልፋሉ። ሪንጉ (የቅርጫቱ ቀለበት) ያለው 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው እጅ እንጂ አናት አይደለም።

«በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ የተጻፈ ቁመት ትክክል ነው።» ሊጉ ቁመት ያለ ጫማ እንዲለካ ያስገደደው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈውን እንደ ግምት ውሰዱት።

«ሪባውንድ (የተሳተ ኳስ መያዝ) የረጅሙ ነው።» ዴኒስ ሮድማን በ2.01 ሜትር ሰባት የውድድር ዘመን በተከታታይ የሊጉ ቀዳሚ ሪባውንደር ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ጎልደን ስቴት ሴንተር እንደማያስፈልግ አረጋገጠ።»

በ2015 ፍጻሜ ክሊቭላንድ 2 ለ 1 እየመራ ነበር። አሠልጣኝ ስቲቭ ከር በአራተኛው ጨዋታ 2.13 ሜትሩን አንድሩ ቦገትን ከቋሚ አሰላለፍ አውጥቶ ከእሱ የሚያጥረውን ኢጉዋዳላን አስገባ፤ ግሪን ሴንተር ሆነ። የክሊቭላንዱ ሴንተር ሞዝጎቭ እንደተጠበቀው ከቅርጫቱ ሥር አጭሮቹን ቀጣ፤ 28 ነጥብ። ውጤቱስ? ጎልደን ስቴት 103፣ ክሊቭላንድ 82። ሞዝጎቭ በአንድ ጫፍ የሚያስቆጥረውን በሌላው ጫፍ ይከፍል ነበር፤ ከቅርጫቱ ሥር ሲቆም ከውጭ ነጻ ሰው ይተዋል፣ ሲወጣ ቅርጫቱ ባዶ ይቀራል። በአምስተኛው ጨዋታ ሞዝጎቭ 9 ደቂቃ ብቻ ተጫወተ፤ ክሊቭላንድ አሁንም 104 ለ 91 ተሸነፈ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ቀጥሎ ያለው ግን ይረሳል። ያ ዝነኛ አሰላለፍ ቡድኑ 73 ጨዋታ ባሸነፈበት በቀጣዩ የውድድር ዘመን በመደበኛው ውድድር አብሮ ሜዳ ላይ የቆየው ከ200 ደቂቃ በታች ነው። ዘመኑ በሙሉ 3,900 ደቂቃ ያልፋል። በቀረው ጊዜ ቦገትና ኢዜሊን የመሳሰሉ ግዙፎች ስክሪን ይሠሩ፣ ይጋፉ፣ ይዘሉ ነበር። በ2022ም ሜምፊስን በስድስተኛው ጨዋታ ያሰናበተው ሴንተሩ ኬቮን ሉኒ ነው፤ በ22 ሪባውንድ።

ለምን ሙሉውን 48 ደቂቃ አይሠራበትም? ሂሳቡ ቀላል ነው። ተጋጣሚ በአንድ ጨዋታ 45 ጊዜ ሳተ እንበል። ተከላካዩ ቡድን ከአራቱ ሦስቱን፣ ማለትም 75 በመቶውን ሪባውንድ ያደርጋል ብለን እንነሳ። ሴንተሩ ወጥቶ ይህ ወደ 70 በመቶ ቢወርድ ተጋጣሚ ሁለት ያህል ተጨማሪ ዕድል ያገኛል፤ በነጥብ 2.5 ገደማ ነው። ይህን ለማካካስ 35 የሦስት ነጥብ ሙከራ የሚያደርግ ቡድን ስኬቱን በ2.4 በመቶ ነጥብ ከፍ ማድረግ አለበት። የገባው ሰው ጥሩ ወርዋሪ ከሆነ ይደረስበታል። መወርወር የማይችል አጭር ሰው ካስገባችሁ ግን ሪባውንዱን ሰጥታችሁ በምትኩ ያገኛችሁት ነገር የለም። አጭርነት ብቻውን ነጥብ አያስቆጥርም። ይህ ሂሳብ ድካሙንም አላካተተም፦ 1.98 ሜትር ሰው በየጨዋታው ከ120 ኪሎ ሰው ጋር ሲጋፋ ሦስተኛው ሩብ ላይ እግሩ ይከዳዋል፣ ፎሉም ይበዛል።

ሂዩስተን ትምህርቱን ከልክ በላይ ወሰደው። በየካቲት 2020 ሴንተሩን ካፔላን ሸጦ 1.96 ሜትሩን ፒጄ ታከርን ቋሚ ሴንተር አደረገ፤ በጥሎ ማለፉ በሌከርስ 4 ለ 1 ወጣ። «ይኸው፣ ቁመት አሸነፈ!» ተባለ። ይህኛው ከመጀመሪያውም የባሰ ስህተት ነው። የሌከርሱ አሠልጣኝ ፍራንክ ቮግል ሂዩስተንን የረታው ረጃጅሞቹን ሴንተሮች ማጊንና ሃዋርድን ወንበር ላይ አስቀምጦ አንቶኒ ዴቪስን ሴንተር በማድረግ ነበር። በቀጣዩ ዙር ዴንቨር ግዙፉን ሴንተር ዮኪችን ይዞ ሲመጣ ሃዋርድን መልሶ አስገባ። ከማያሚ ጋር በተደረገው ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ ሃዋርድን ከቋሚዎቹ አውጥቶ ጋርዱን ካሩሶን አሰለፈ፤ 106 ለ 93 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አንድ ቡድን፣ አንድ ጥሎ ማለፍ፣ ሦስት የተለያዩ መልሶች።

«ተጋጣሚ ሲያጥር አንተም እጠር።» ዳላስ በ2007 67 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ስምንተኛ ሆኖ ለጥሎ ማለፉ ከደረሰው ጎልደን ስቴት ጋር ሲገናኝ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ሴንተሮቹን ከቋሚ አሰላለፍ አወጣ፤ ያን ጨዋታ ተሸነፈ፣ በኋላም 4 ለ 2 ተሰናበተ። ሳን አንቶኒዮ በ2013 በስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ በሦስት ነጥብ እየመራ የመጨረሻ ሰከንዶች ሲቀሩ የሦስት ነጥብ ውርወራ ለመከላከል ብሎ ረጅሙን ቲም ደንካንን አስወጣ። ሌብሮን ሳተ፣ ሪባውንዱን ቦሽ ወሰደ፣ ሬይ አለን 5.2 ሰከንድ ሲቀር አስቆጥሮ አቻ አደረገ። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ። ስሌቱ የተሠራው ለመጀመሪያው ውርወራ ብቻ ነበር።

«አጭር ሰው ከጠበቀው ኳሱን ለረጅሙ ስጡት።» ሴንተሩ ከቅርጫቱ አራት አምስት ሜትር ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ሲለምን ታያላችሁ፤ አጭሩ ተከላካይ የሚመኘው ይህንን ነው። ከፊቱ ይቆማል፣ ቅብብሉ በላይ መሄድ ግድ ይሆንበታል፣ ኳሱ አየር ላይ ሳለ ረዳቱ ከማዶ ይደርሳል። ሰዓቱም ይሄዳል። መቅጫው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ረጅሙ ስክሪን ሠርቶ ወዲያው ወደ ቅርጫቱ ይሩጥ፣ ኳሱም ሪንጉ አጠገብ ከፍ ተደርጎ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ስዊች ሲደረግ (ተከላካዮች የሚጠብቁትን ሰው ሲቀያየሩ) ኳሱ ወደ ማዶ ይዙር፤ በዚያ ቅጽበት ረጅሙ አጭሩን በጀርባው ዘግቶ ከሪንጉ አንድ ሜትር ላይ ይቀበል። ሦስተኛ፣ ሌሎቹ ሲወረውሩ ሪባውንድ ይጠብቅ፤ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው።

«ጎበር በጥሎ ማለፍ አይሆንም።» በ2021 ክሊፐርስ በአጭር አሰላለፍ ዩታን ሲያወጣ ቴራንስ ማን በስድስተኛው ጨዋታ 39 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጥፋቱም በዩታው ሴንተር በሩዲ ጎበር ላይ ተደፈደፈ። ቪዲዮውን አቁማችሁ እዩት። ኳሱን የያዘው ጋርድ ተከላካዩን በአንድ እርምጃ ያልፋል፣ ጎበር ቅርጫቱን ለመጠበቅ ይገባል፣ ጥግ ላይ የነበረው የእሱ ሰው ነጻ ይሆናል። ቀዳዳው የተከፈተው ፊት ላይ ነው። ያው ጎበር በ2024 ኳስ የያዘውን አጥብቀው ከሚከላከሉ የሚኒሶታ ልጆች ኋላ ሲቆም ሻምፒዮኑን ዴንቨርን አሰናበተ፤ ከጎኑም ታውንስ የሚባል ሌላ ረጅም ነበረ።

«በኤንቢኤ የሠራ በኦሎምፒክም ይሠራል።» በዓለም አቀፉ ሕግ ተከላካይ የሶስት ሰከንድ ክልል (ከቅርጫቱ ሥር የተሰመረው ሳጥን) ውስጥ እንደፈለገ ይቆማል፤ ኳስ ሪንጉን ከነካ በኋላ ገና ከሪንጉ በላይ ሳለም ገፍቶ ማውጣት ይፈቀዳል። በኤንቢኤ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ረጅም ሰው እዚያ ዋጋው ከፍ ይላል።

አጭር አሰላለፍ ሜዳ ላይ ሲገባ የገቡ ኳሶችን ትታችሁ ጋርዶቹን ተመልከቱ። ተጋጣሚ ሲወረውር ሁለቱም ወደ ክልሉ ገብተው ሰው ከዘጉ አሰላለፉ ሌላ አራት አምስት ደቂቃ ይቆማል። አንዱ ለፈጣን ማጥቃት ቀድሞ መሮጥ ከጀመረ ግን፣ በሁለት ማጥቃት ውስጥ ሁለተኛ ዕድል ሲሰጡ ታያላችሁ፤ አሠልጣኙ ሴንተሩን ከወንበር ማስነሳት ያለበት ያኔ ነው።