ለዓይን ሜላኖማ የሚሰጥ የፕሮቶን ጨረር ሕክምና

የዓይን ሜላኖማ ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ክፍል ከሬቲና በስተጀርባ ባለውና የደም ሥር በበዛበት የዓይን ሽፋን ላይ፣ ቀለም ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዓመት የሚይዘው ከ1 ሚሊዮን ሰው 5 ወይም 6 ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን መድኃኒቱ የታመመውን ዓይን ማውጣት ነበር።

በአቶም እምብርት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቶን የተባለ ቅንጣት ለካንሰር ሕክምና እንዲውል አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ሐሳብ አቀረበ። ኤክስሬይ ሰውነትን አልፎ በሌላው ወገን ሲወጣ፣ ፕሮቶን ግን እንደ ፍጥነቱ በታወቀ ጥልቀት ላይ ይቆማል፤ ከጉልበቱም ብዙውን የሚለቀው ሊቆም ሲል ነው። ይህን ባሕርይ ለዓይን ሜላኖማ በ1975 የቦስተን ሐኪሞች፣ በ1984 ደግሞ በስዊዘርላንድ ቪሊገን የሚገኘው የምርምር ማዕከል ተጠቀሙበት።

የሥራው ክብደት ግን ከማሽኑ ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዕጢው በኤክስሬይ ስለማይታይ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በዕጢው ዳርቻ ትክክል በዓይኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ጥቃቅን የታንታለም ብረቶችን ይሰፋል፤ የጨረሩ አቅጣጫ የሚስተካከለው በኤክስሬይ በሚታዩት በእነዚህ ምልክቶች ነው። ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ በፊት ጭምብልና በጥርስ በሚነከስ መያዣ ጸንቶ፣ አንዲት ትንሽ መብራት ትኩር ብሎ ይመለከታል። ባለሙያዎቹ ዓይኑን በካሜራ ይከታተላሉ፤ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጨረሩን ወዲያው ያቋርጣሉ። ሜላኖማ ጨረርን የሚቋቋም ካንሰር በመሆኑ መጠኑ ከፍተኛ ነው፤ በቪሊገን የተለመደው በ4 ቀን የሚሰጥ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው።

ከ100 ታካሚዎች ከ90 በሚበልጡት ዕጢው ከ5 ዓመት በኋላም ተመልሶ አያድግም፤ አብዛኞቹም ዓይናቸው ይተርፋል። ዓይን ተረፈ ማለት ግን ማየት ተረፈ ማለት አይደለም፤ ዕጢው ለዓይን ነርቭ ወይም ለሬቲናው መሐል ከቀረበ፣ ጨረሩ በዓመታት ውስጥ እይታን ሊያደክም ይችላል። ለትናንሽና ለመካከለኛ ዕጢዎች ጨረር የሚያመነጭ ሩቴኒየም ወይም አዮዲን የያዘ ዲስክ በዓይን ላይ ሰፍቶ ለጥቂት ቀናት ማቆየትም ጥሩ አማራጭ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የካንሰሩ ወደ ጉበት መዛመት ነው። ዓይን ላይ ያለው ዕጢ ቢጠፋም እስከ ግማሽ በሚደርሱ ታካሚዎች ላይ ይህ ስለሚከሰት፣ ከጨረሩ በኋላ ጉበት ለዓመታት በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መመርመር አለበት።