ድቅል ሥርዓቶች በሲሙሌሽን፦ ጣጣው መገናኛው ላይ ነው

ድቅል ሥርዓት የሚባለው ያለማቋረጥ የሚፈስ ለውጥና ድንገተኛ ለውጥ አብረው የሚገኙበት ነው። የክፍል ማሞቂያን እንውሰድ። ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማብሪያው ግን መሃል የለውም፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ሙቀቱን በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ በሚናገር ቀመር)፣ ማብሪያውን በክስተት (በአንድ ቅጽበት በሚሆን ለውጥ) እንገልጻለን። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም አያስቸግሩም። ጣጣው የሚመጣው ሲገናኙ ነው።

ኳስ ከ1 ሜትር ከፍታ እንልቀቅ። እንቅስቃሴዋን በኮምፒውተር የሚያስመስለው (ሲሙሌት የሚያደርገው) ፕሮግራም በየ0.1 ሰከንዱ ያሰላል እንበል። በ0.4 ሰከንድ ላይ ኳሷ ከወለሉ 22 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላለች። በ0.5 ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል ከወለሉ በታች ገብታለች! ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የነካችበትን ቅጽበት፣ 0.45 ሰከንድ አካባቢ፣ ይፈልጋል። የፍጥነቷን አቅጣጫ ይገለብጥና እንደገና ይነሳል።

ይሄም ሌላ ጉድ አለው። በየንጥሪያው 80 በመቶ ፍጥነቷን ይዛ ብትነሳ፣ በ4.1 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ትነጥራለች። በወረቀት ላይ ችግር የለውም፤ ኮምፒውተሩ ግን እዚያው ይቸነከራል። በግሪካዊው ፈላስፋ ስም «የዜኖ ባሕርይ» ይሉታል። የተለመደው መላ ፍጥነቷ በጣም ሲያንስ «ቆማለች» ብሎ መወሰን ነው። ትንሽ ማጭበርበር ነው፤ ግን ይሠራል።

በርናርድ ዚግለር በ1976 ዴቭስ የተባለውን፣ ሥርዓትን በክስተቶች ቅደም ተከተል የሚገልጽ ሞዴል አቀረበ። በ2001 አርጀንቲናዊው ኤርኔስቶ ኮፍማን ከሰርጂዮ ጁንኮ ጋር በዚያ ላይ ተመሥርቶ ጥያቄውን ገለበጠው። ጊዜን መቆራረጥ ቀርቶ የሚቆራረጠው እሴቱ ሆነ። «ከ0.1 ሰከንድ በኋላ ሙቀቱ ስንት ይሆናል?» ሳይሆን «ሙቀቱ በ0.1 ዲግሪ የሚለወጠው መቼ ነው?» ተባለ። ሙቀቱ በሰከንድ 0.02 ዲግሪ ከጨመረ ቀጣዩ ስሌት ከ5 ሰከንድ በኋላ ነው። ወደ 0.001 ከቀነሰ ከ100 ሰከንድ በኋላ። ዝም ያለውን የሞዴሉን ክፍል ማንም አይነካውም። ያልተቋረጠው ለውጥ ራሱ ክስተት ስለሆነ፣ ማብሪያው መቼ እንደሚጠፋ ለማወቅ ወዲያ ወዲህ መፈለግ አያሻም። በቀጥታ ይሰላል።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። በጣም ፈጣንና በጣም ዘገምተኛ ለውጦች በአንድ ሞዴል ሲገናኙ፣ ይህ የኮፍማንና የጁንኮ የመጀመሪያ ዘዴ ከንቱ መወዛወዝ ውስጥ ገብቶ ክስተት በክስተት ላይ ይከምራል። ለዚህ ሲባል የተሻሻሉ ዝርያዎች ወጥተዋል። በመጀመሪያው ዘዴ ትክክለኛነቱን በ10 እጥፍ ለማሳደግ የስሌቱ ብዛትም በ10 እጥፍ ይጨምር ነበር፤ ይህን ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ያላቸው ዘዴዎች (ለውጡን በቀጥተኛ መስመር ፈንታ በኩርባ የሚከተሉት) አቅልለውታል።