ዲስክን ክሎን ማድረግ ምንድን ነው?

ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የተጫኑበት ኮምፒውተር ዲስኩ ሲጠብ፣ ሁለቱን ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንደ አዲስ መጫን ግዴታ አይደለም፤ አሮጌው ዲስክ የያዘውን ሁሉ እንዳለ ወደ ትልቁ ማሻገር ይቻላል፤ ይህም ዲስኩን ክሎን ማድረግ ይባላል። ፋይሎችን ኮፒ ከማድረግ የሚለየው ፋይል ሆነው የማይታዩ ነገሮችን፣ ማለትም የፓርቲሽኖቹን (ዲስኩ የተከፈለባቸውን ክፍሎች) ሰንጠረዥ፣ የማስነሻ ፕሮግራሞቹንና የእያንዳንዱን ፓርቲሽን መለያ ቁጥር አብሮ ስለሚወስድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ወሳኙ መለያ ቁጥሩ ነው። ሊኑክስ ሲነሳ ፓርቲሽኖቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጋቸው ዩዩአይዲ በሚባለው ረጅም ቁጥር ሲሆን፣ የዊንዶውስ የማስነሻ መረጃም ዲስኩንና ፓርቲሽኑን በየመለያቸው ይጠቅሳል። ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ከተሻገሩ ሁለቱም ሲስተሞች ዲስኩ መቀየሩን ሳያውቁ ይነሳሉ። ይኸው መመሳሰል ግን ሁለቱ ዲስኮች አብረው ተሰክተው ሲቆዩ ጣጣ ያመጣል፤ ዊንዶውስ አንደኛውን ኦፍላይን ያደርገዋል፣ ማለትም አይከፍተውም፣ ሊኑክስ ደግሞ አሮጌውን ፓርቲሽን ከፍቶ ተጠቃሚው በአዲሱ ላይ የሚሠራ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ክሎኑ እንዳለቀ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ ማስነሳት ይገባል።

ሥራው የሚከናወነው ኮምፒውተሩን ከፍላሽ በማስነሳት ነው። ክሎንዚላ የተባለው የክሎን ፕሮግራም ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የተደራጁበትን ሥርዓት) ካወቀው ዳታ ያለበትን ቦታ ብቻ ስለሚገለብጥ ይፈጥናል። ዲዲ የተባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ ግን ባዶውን ቦታ ሳይቀር ይገለብጣል፤ ምንጩና መድረሻው ተቀያይረው ቢጻፉለትም ያለ ማስጠንቀቂያ ሙሉውን ዲስክ በባዶው ይደመስሰዋል። አስቀድሞም ፋስት ስታርትአፕ የተባለውን የዊንዶውስ ቶሎ የመነሻ ዘዴ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ እሱ ባለበት ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ እንደ ክሎንዚላ ያሉ መሣሪያዎች ፓርቲሽኑን አንነካም ይላሉ። የዊንዶውስ መመስጠሪያ በሆነው በቢትሎከር የተመሰጠረ ፓርቲሽን ካለም ምስጠራውን ማንሳት ይሻላል።

አዲሱ ዲስክ ላይ የተገኘው ትርፍ ቦታ በራሱ ለማንም አይደርስም። 500 ጊጋባይት ወደ 2 ቴራባይት ቢሻገር፣ 1.5 ቴራባይት የሚሆነው መጨረሻ ላይ ባዶውን ይቀመጣል። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ዓይነት መጠባበቂያ ቅጂውን በዲስኩ ጫፍ ስለሚያኖር፣ በዲዲ ከተገለበጠ በኋላ ያ ቅጂ መሃል ላይ ይቀራል፤ ጂፓርትድ የተባለው የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም ሲከፈት ላስተካክለው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በአሮጌው የሰንጠረዥ ዓይነት፣ በኤምቢአር፣ የተከፈለ ዲስክ ደግሞ ሴክተሩ (የዲስኩ ትንሹ የዳታ ክፍል) 512 ባይት ሲሆን ከ2 ቴቢባይት (2.2 ቴራባይት ገደማ) በላይ ያለውን መጠቀም አይችልም።

በተለመደው አቀማመጥ መጀመሪያ ትንሿ የማስነሻ ፓርቲሽን፣ ከዚያ የዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ፣ ቀጥሎ የሪከቨሪ (የዊንዶውስ መጠገኛ) ፓርቲሽን፣ በመጨረሻም ሊኑክስ ይደረደራሉ። ሊኑክስ ከባዶው ቦታ ጋር ስለሚዋሰን ማስፋቱ ቀላል ነው። ሲን ለማስፋት ግን ሪከቨሪውንና ሊኑክሱን ወደ ቀኝ መግፋት ግድ ይላል፤ ይህም ዳታውን ሁሉ እንደገና መጻፍ ስለሆነ ሰዓታት ይወስዳል፣ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋም ዳታ ሊበላሽ ይችላል። በእኔ እምነት ሲ የሞላው በፊልምና በፎቶ ከሆነ፣ ባዶውን ቦታ ሁለቱም ሲስተሞች የሚያነቡት፣ ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም የተዘጋጀ ፓርቲሽን አድርጎ ፋይሎቹን ወደዚያ ማዛወር ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዊንዶውስ ብቻ ቢነሳ ሊኑክስ ጠፋ ማለት አይደለም። ዩኢኤፍአይ የተባለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርድ ፕሮግራም የማስነሻ ዝርዝሩን የሚያስቀምጠው በማዘርቦርዱ ሚሞሪ ስለሆነ ክሎኑ አያሻግረውም፤ ኮምፒውተሩን በሊኑክስ ፍላሽ አስነስቶ የሊኑክስ ማስነሻ የሆነውን ግረብን እንደገና መጫን ዝርዝሩን ይመልሰዋል።